ጋስኬት ተቀይሮም ውሃ የሚጠጣ ሞተር፦ ውሃው በየት እንደሚገባ ደረጃ በደረጃ እንዴት ይገኛል?

ጠዋት ኮፈኑን ከፍታችሁ የራዲያተር ውሃ ትሞላላችሁ። ከሳምንት በኋላ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። መኪናው ስር ጠብታ የለም። መካኒኩ «ጋስኬት ነው» ብሎ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ አውርዶ በሱና ሲሊንደሮቹ ባሉበት ብሎክ መካከል ያለውን ማሸጊያ ቀይሯል፤ ገንዘቡም ተከፍሏል። ለጥቂት ወራት ደህና ሄደ። ከዚያ ያው ነገር እንደገና ጀመረ።

ከዓለም ገና እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ ባሉ ጋራዦች ይህ ደጋግሞ የሚሰማ ታሪክ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈውም ቴስታታው እንደገና ከመፈታቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ እንዲያገኙ ነው። ውሃው የሚገባው ወደ የትኛው ሲሊንደር ነው? በየት በኩል? ጋስኬቱን ያበላሸውስ ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ጋስኬቱ ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለም። በዳዩ ሳይገኝ አዲስ ጋስኬት ማስገባት ለሚቀጥለው ወጪ ቀጠሮ መያዝ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሞቀ ራዲያተር አይከፈትም። በጨርቅ ይዞ ቀስ እያሉ መክፈት የሚባለውም አይሠራም፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ሞተሩ በእጅ እስኪነካ ድረስ ይቀዝቅዝ።

ሁለተኛው ደግሞ ሞተር ያድናል። ጠዋት ቁልፍ ስትመቱ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ትንሽ ዞሮ ድንገት ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ደግማችሁ አትምቱ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲገፋ መሄጃ ያጣና ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይታጠፋል። በተለይ ጎረቤት ጠርቶ ገፍቶ ማስነሳት እንዳታስቡ። ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አውልቁ፣ ውሃው ይውጣ፣ ከዚያ ይታሰባል።

ኩላንት፣ ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር የሚበጠበጠው ፈሳሽ፣ ደግሞ መርዝ ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ልጆችና ውሾች ይቀምሱታል። የቀዳችሁትን በክፍት ጎድጓዳ ሳህን ግቢ ውስጥ አትተዉት።

1. መጀመሪያ ክዳኑን ተመልከቱ

የምትስቁ ካላችሁ እባካችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ወደ ሱሉልታ ለመሻገር እንጦጦን ስትወጡ ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል። የመኪና ሞተር በጤናው የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ብዙ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ፋኑ የሚነሳውም ከ90 ካለፈ በኋላ ነው።

አስሉት እንግዲህ። እኛ አገር ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለያዘለት ነው። በክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት በባር ነው። ደህና ክዳን እዚህ ከፍታ ላይም የመፍያውን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊት አይይዝም። ያኔ ውሃው ገና በጤናማው ሙቀት፣ ፋኑ እንኳ ሳይነሳ፣ ቴስታታው ውስጥ መፍላት ይጀምራል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀስት መሃል ቆሞ «ሰላም ነው» ይላል። በጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ዙሪያ ግን ውሃ ሳይሆን እንፋሎት ነው ያለው። እንፋሎት ብረት አያቀዘቅዝም። ቴስታታው ይጣመማል፣ ጋስኬቱ ይለቃል።

ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ጣት ሲጫነው ድንጋይ ከሆነ ቀይሩት። የምትገዙት ክዳን ላይ ያለው ቁጥር ከመኪናችሁ ጋር አንድ ይሁን። ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ ነው ብለው የሚሸጡ አሉ፤ አትስሟቸው። ያረጀ ራዲያተር ያፈነዳል።

2. ውሃው በእርግጥ ወደ ውስጥ እንደሚገባ አረጋግጡ

ውሃ ጎደለ ማለት ሲሊንደር ገባ ማለት አይደለም። በሪዘርቭ ጠርሙሱ (የራዲያተሩ ትርፍ ውሃ የሚጠራቀምበት) ላይ ጠዋት በቀዝቃዛው ደረጃውን በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ፣ በአንድ ቦታ፣ በደልዳላ መሬት ላይ እዩ።

በዚያው ሳምንት የውጭውን ፈልጉ። የራዲያተር ቱቦዎች ማሰሪያ፣ የራዲያተሩ የፕላስቲክና የአልሙኒየም መጋጠሚያ፣ የውሃ ፖምፓው ስር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ። ፖምፓው ሲያረጅ በዚያች ቀዳዳ ይነጠባል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ጠብታው ተንኖ መሬት ሳይደርስ ይጠፋል። የሚቀረው ነጭ ወይም አረንጓዴ እድፍ ነው። እድፍ የውሃ ዱካ ነው፤ ተከተሉት። የማሞቂያው ራዲያተር ካፈሰሰ ደግሞ የፊት ተሳፋሪው እግር ስር ያለው ምንጣፍ ይረጥባል፣ መስታወቱ ጣፋጭ በሚሸት እንፋሎት ይጋረዳል።

ውጭ ምንም ከሌለ ወደ ውስጥ እንሂድ።

3. ምልክቶቹን በትክክል አንብቡ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ በተለይ ሱሉልታና ሰንዳፋ በኩል፣ ጤነኛ መኪና ሁሉ ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ያወጣል፤ ውሃም ይነጠባል። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ ብርዱ ነው የሚያሳየው። ይህ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። የሚያሳስበው ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ፣ አየር ላይ የሚቆይና ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት ነጭ ጭስ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ዘይት ላይ ነው። «ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ስለዚህ ጋስኬት አይደለም» ይላሉ። ትክክል አይደለም። ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ከገባ አብዛኛው በጭስ ማውጫው ተንኖ ይወጣል፤ ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በተቃራኒው የዘይት መሙያው ክዳን ስር ነጣ ያለ አረፋ ማየት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እስከ ታክሲ ተራ ብቻ የምትነዱት መኪና ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ይህን አረፋ ያሳያል። ዋናው መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ነው። እሱ ከነጣ ወይም ደረጃው ከፍ ካለ ያኔ ውሃ ገብቷል፤ መኪናውን አትንዱት።

ምልክቶቹን ለመረዳት ሞተሩ ውስጥ ግፊት በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ ማወቅ ይበቃል። ሞተሩ ሲሠራ የቃጠሎው ግፊት ከውሃው ግፊት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ጋዝ በስንጥቁ ወደ ውሃው ይገባል፤ ውሃው ይገነፍላል፣ በሪዘርቩ ይተፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ይገለበጣል። ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊት የለም፤ ውሃው ግን ገና ትኩስ ነው፣ ክዳኑ ስር ታፍኗል። በዚያችው ስንጥቅ ወደ ሲሊንደሩ ሌሊቱን ይንጠባጠባል።

ስለዚህ ጠዋት የመጀመሪያው ማስነሳት ብዙ ይናገራል። ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ከተነሳ፣ በሦስት ሲሊንደር እየሠራ ትንሽ ከቆየ፣ አንዴ ነጭ ጭስ ለቅቆ ከተስተካከለ፣ የሌሊቱን ውሃ እያቃጠለ ነው። እንዲሁም ከእንጦጦ ወደ ከተማ እግር ከቤንዚን ላይ አንስታችሁ ስትወርዱ ሲሊንደሩ ውስጥ ከባድ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል። ታች ደርሳችሁ ቤንዚን ስትረግጡ ጭስ ከወጣ ቀለሙን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው፤ ነጭ ከሆነ ውሃ ነው።

ሌላው ቀላል ፍተሻ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው አስነሱና ወዲያው ጨብጡት። ሞተሩ ሳይሞቅ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከደነደነ፣ ያ ግፊት ከሙቀት የመጣ አይደለም። ከሲሊንደር ነው።

4. በግፊት መፈተሽ

በራዲያተሩ አፍ ላይ እንደ ክዳን የሚገጠም፣ በእጅ የሚነፋ፣ ጌጅ ያለው መሣሪያ አለ። ፕሬዠር ቴስተር ይሉታል። የራሳችሁ ከሌለ ያለውን ጋራዥ ፈልጉ። የሌለው ጋራዥ ይህን በሽታ በግምት ነው የሚያክመው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ውሃውን እስከ አፉ ሙሉ። ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ድረስ ንፉ፤ ከዚያ አትለፉ። ጌጁን እዩ። ቶሎ የሚወርድ ከሆነ መብራት ይዛችሁ የውጩን እንደገና ፈትሹ። ውጭ ደረቅ ሆኖ ጌጁ ቀስ እያለ ከወረደ ውሃው ወደ ውስጥ እየሄደ ነው። ተደጋጋሚ የሆነው ፍሳሽ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ አሥር ደቂቃ አያሳየውም። መሣሪያውን ገጥማችሁ ግፊቱን እየደጋገማችሁ ጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል እስከ ማግስቱ ጠዋት ተዉት። መካኒኩ ቢቸኩል «ወንድሜ፣ የምከፍልህ ለዚህ ነው» በሉት። ትዕግሥቱ እዚህ ላይ ካልወጣ በኋላ በብር ይወጣል።

5. ካንዴላ አውልቁ፣ ውስጡን እዩ

ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚፈታው።

ከግፊቱ በኋላ ጠዋት፣ ሞተሩን ሳታስነሱ፣ ካንዴላዎቹን አውልቁና በቅደም ተከተላቸው ጨርቅ ላይ ደርድሩ። ጤነኛው ቀላ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። ውሃ የሚገባበት ሲሊንደር ካንዴላ ከሌሎቹ ይለያል፤ ነጭ ሸክላው ታጥቦ ይነጣል ወይም ጥርሱ ዙሪያ የኩላንቱን ቀለም የያዘ ቅርፊት ይኖረዋል።

ከዚያ የሞተሩን የቤንዚንና የካንዴላ ኮረንቲ መስመር አቋርጡ። የቤንዚን ፖምፓውን ፊውዝ ንቀሉ፣ ለካንዴላ ኮረንቲ የሚሰጡትን ቦቢናዎች ንቀሉ። ቀዳዳዎቹ ላይ ንጹሕ ካርቶን አስቀምጡ። ፊታችሁን አርቃችሁ ሞተሪኖ ምቱ። ውሃ የያዘው ሲሊንደር ካርቶኑ ላይ ይረጨዋል። የትኛው እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

አሁን ካሜራ። ስልክ ላይ የሚሰካ፣ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን የሽቦ ካሜራ ይሸጣል። ቴስታታ ከማውረድ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም። በካንዴላው ቀዳዳ አስገብታችሁ የፒስተኑን ራስ እዩ።

ዓለም ገና አንድ ጋራዥ ውስጥ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ስትመረመር አብሬ አይቻለሁ። ባለቤቱ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ጋስኬት ከአንዴም ሁለቴ አስቀይሯል። አንደኛው ፒስተን ጥቁር ነው፤ በካርቦን ተሸፍኗል። ሁለተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው። ካሜራው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ስክሪኑ አበራ። ፒስተኑ በአመድ እንደተፈተገ ድስት ያበራል። እንፋሎቱ አጥቦታል። ግን ሙሉውን አልነበረም። በጭስ ማውጫው በኩል ያለው አንድ ጠርዝ ብቻ ነው ንጹሑ፤ የቀረው ገና ጥቁር ነው። መካኒኩ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገና «ጋሼ፣ ውሃው የሚገባው እዚህ ጋ ነው» አለ። ቴስታታው ሲነሳ ልክ በዚያ ትይዩ፣ ብሎኩ ላይ፣ በውሃ ቀዳዳውና በሲሊንደሩ መካከል ዝገት የበላው ጉድጓድ ተገኘ። ቴስታታው ሁለቴም ተልጧል፤ ፊቱ በማሽን ተስተካክሏል። ብሎኩን ማንም አላየውም።

ስለዚህ «ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ንጹሑ ክፍል በየት በኩል እንደሆነ ፎቶ አንሱ። በኋላ ቴስታታው ሲወርድ የት እንደምታዩ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ፒስተኑን ወደ ታች አውርዳችሁ የሲሊንደሩን ግድግዳም እዩ፤ የውሃ ጠብታ ወይም የዝገት መስመር ሲወርድ ይታያል።

6. ኮምፕረሽንና የአየር ፍተሻ

ኮምፕረሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ሲለካ ከፍታውን አትርሱ። የአምራቹ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ጌጁም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። መጽሐፉ 13 ባር ካለ አዲስ አበባ ላይ 10 አካባቢ ጤነኛ ነው። ይህን ባለማወቅ «ሞተርህ ደክሟል» ተብሎ ያለጥፋቱ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የሚቀየርለት መኪና አለ፤ ያሳዝናል። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ጋስኬቱ በመካከላቸው ተቃጥሏል። ትንሽ የውሃ ፍሳሽ ግን ኮምፕረሽኑን ላይነካው ይችላል፤ «ኮምፕረሽኑ ደህና ነው» የሚለው ብቻውን አያሳርፋችሁ።

ከሱ የተሻለው በተጠረጠረው ሲሊንደር አየር መንፋት ነው። ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር መስመር ይበቃል። ማገናኛው ከሌለ የድሮ ካንዴላ ሸክላውን አውጥቶ የአየር መግቢያ በማስበየድ ይሠራል። ፒስተኑን በኮምፕረሽን ምቱ ላይ እስከ ጫፍ አውጡት። ማርሹን ነጻ አድርጉ። ሞተሩን ለማዞር ፑሌው ላይ የተጠቀማችሁበትን ቁልፍ ንቀሉ፤ አየሩ ሞተሩን በድንገት ሊያዞረው ይችላል፣ እጅ ይሰብራል። ራዲያተሩን ክፈቱና እስከ አፉ ሙሉ። ከዚያ ከ5 እስከ 6 ባር ስጡ።

አሁን ጆሮና ዓይን ነው። ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ከወጣ ጋስኬት ወይም ስንጥቅ ነው። በአየር ማጣሪያው በኩል ከተሰማ የመግቢያ ቫልቭ፣ በጭስ ማውጫው ከሆነ የመውጫ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻ ነው። በጎረቤት ካንዴላ ቀዳዳ ከነፈሰ ጋስኬቱ በሁለቱ መካከል ሄዷል። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ምንም ካልታየ የራዲያተሩን ክዳን ሳትዘጉ አሙቃችሁ ድገሙት። አንዳንድ ስንጥቅ የሚከፈተው ብረቱ ሲሞቅ ብቻ ነው።

በራዲያተሩ አፍ ላይ የቃጠሎ ጋዝ የሚፈልገው ሰማያዊ ፈሳሽም አለ፤ ጋዝ ካገኘ ቢጫ ይሆናል። ቢጫ ከሆነ አሳማኝ ነው። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ግን ነጻ መሆናችሁን አያረጋግጥም፤ ሌሊት ብቻ የሚንጠባጠብ ሞተር በዚህ ፍተሻ ሊያልፍ ይችላል። ፈሳሹ ኩላንት ከጠጣ ስለሚበላሽ የራዲያተሩን ውሃ ትንሽ ቀንሱ።

7. ቴስታታ ከመፍታት በፊት ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች ፈትሹ

ናፍጣ መኪና ያላችሁ ይህን በደንብ ያዙ። ብዙ ዘመናዊ ናፍጣዎች የጭስ ማውጫውን ጋዝ በውሃ አቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ የሚመልስ ኢጂአር ኩለር አላቸው። እሱ ውስጡ ከተሰነጠቀ ውሃው በአየር መግቢያው በኩል ሲሊንደር ይገባል። ምልክቱ ከጋስኬት ጋር አንድ ነው፤ ነጭ ጭስ፣ የሚጎድል ውሃ፣ ንጹሕ ዘይት። ጋስኬት አሥር ጊዜ ቢቀየር አይድንም። የኩለሩን የጋዝ ቱቦ ፍቱና በፕሬዠር ቴስተሩ ውሃው ላይ ግፊት ሰጥታችሁ እዩ፤ እርጥብ ከሆነ ተገኘ። በአንዳንድ የቪ ቅርጽ ሞተሮች ውሃ በአየር ማኒፎልዱ ውስጥ ያልፋል፤ የዚያ ጋስኬት ሲለቅም እንዲሁ ያደርጋል።

8. ቴስታታው ሲወርድ

ቡሎኖቹ ከዳር ወደ መሃል፣ በየተራ፣ በቀዝቃዛ ሞተር ይላላሉ። ከወረደ በኋላ ማንም ምንም እንዳይጠርግ። ልጁ ቤንዚንና ብሩሽ ይዞ ከመድረሱ በፊት ጋስኬቱን፣ ቴስታታውንና ብሎኩን ፎቶ አንሱ። የድሮው ጋስኬት ላይ ያለው የዝገት ወይም የጥቁር መስመር ከውሃ ቀዳዳው ተነስቶ ሲሊንደሩ ድረስ ይመራችኋል። ያንን ከካሜራው ፎቶ ጋር አስተያዩት። ሁለቱ አንድ ቦታ ካሳዩ በደሉ እዚያ ነው። ጋስኬቱ ላይ ምንም መስመር ከሌለ ደግሞ ስንጥቅ ፈልጉ።

ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ የስስ ብረቶች ስብስብ) ያዙ። ማስመሪያውን ፊቱ ላይ አስተኝታችሁ ከስሩ ያለውን ክፍተት በርዝመት፣ በወርድ፣ በሁለቱም ሰያፍ ለኩ። ለብዙ ትናንሽ ሞተሮች የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የእናንተን ሞተር ልክ ከመጽሐፉ እዩ። የለካችሁትን ሁሉ ብሎኩ ላይም ድገሙት። ቴስታታ ወደ ቶርኖ ቤት ስለሚሄድ ሁሉም ያየዋል፤ ብሎክ መኪናው ውስጥ ስለሚቀር ይረሳል። በውሃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጥፍራችሁን ጎትቱ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ጋስኬት አይዘጋውም። ላይነር (ብሎኩ ውስጥ የሚገባ የሲሊንደር እጀታ) ያላቸው የጭነት ናፍጣዎች ላይ የላይነሩ ከብሎኩ በላይ የመውጣት ልክም ይለካ፤ አንዱ ዝቅ ካለ ጋስኬቱ እዚያ አይጨመቅም።

ቶርኖ ቤቱን «ላጡልኝ» ብቻ አትበሉ። መጀመሪያ በግፊት ይፈተሽ። የውሃ ቀዳዳዎቹ ታሽገው፣ አየር ተሰጥቶ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ሙቅ ውሃ በሉ፤ በቀዝቃዛ የማይታይ ስንጥቅ በሙቅ አረፋ ያወጣል። ቀዩን ቀለም ቀብቶ፣ ጠርጎ፣ ነጭ ዱቄት በመርጨት ስንጥቅ የሚያሳይ ዘዴም አለ። ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በሁለቱ ቫልቮች መካከልና ከቫልቭ ወደ ካንዴላ ቀዳዳ ባለው ቦታ ነው። የተሰነጠቀ ቴስታታ መላጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ቡሎኖቹ ላይ አትቆጥቡ። የብዙ ሞተር የቴስታታ ቡሎን ሲጠብቅ እንዲለጠጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንዴ የተለጠጠው በሁለተኛው ልኩን አይጨብጥም። ርዝመቱን ለክታችሁ ከገደቡ ካለፈ፣ ወይም መጽሐፉ በአዲስ ቀይር ካለ፣ ቀይሩ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረ ውሃ ወይም ዘይት ይውጣ፤ ቡሎኑ ሲገባ ፈሳሹን ገፍቶ ብሎክ ይሰነጥቃል። ማጥበቅ ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች ነው። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ በሌላ ሥራ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ በዚህኛው ግን አይሆንም። በብዙ የብረት ንጣፍ የተሠራ ጋስኬት ላይ ሲሊኮን አይቀባም። ፊቱን በሚሽከረከር ብርጭቆ ወረቀት መፈተግም ይቅር፤ ፊቱን ያጎደጉደዋል፣ ብናኙም ዘይት ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታ ይበላል።

9. በዳዩን አሁን ያዙት

ከምንም በላይ የምናደድበት ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍት ቫልቭ) አውልቆ መጣል ነው። «አገራችን ሙቀት ነው፣ አያስፈልግም» ይባላል። ቴርሞስታቱ በብዙ ሞተር ላይ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ሲወልቅ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳያይ እዚያው ይዞራል። ዳገት ላይ ሞተሩ የሚቀቅለው ያኔ ነው። ደልዳላ ላይ ደግሞ ሞተሩ ከልኩ በታች ቀዝቅዞ ቤንዚን ይበላል። ቴርሞስታት ይመለስ። አዲሱን ድስት ውስጥ ውሃ አፍልታችሁ ሲከፈት ካያችሁ በኋላ ግጠሙት። የመክፈቻው ሙቀት ላዩ ላይ ተጽፏል፤ 88 የሚለው በእኛ ክፍት ድስት ገና ሲጀምር ነው የሚታየው፤ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብላችሁ አትጣሉት።

ሁለተኛው ውሃው ነው። «እዚህ በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምን?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ዝገት ነው። ኩላንት ውስጥ ያለው ኬሚካል አልሙኒየምና ብረት እንዳይበላ ይከላከላል፤ መፍያውንም ከፍ ያደርጋል። የኮሮላዋን ብሎክ የበላው ለዓመታት የተሞላ ባዶ ውሃ ነው። በከተማው ዳርቻ ብዙዎቻችን የጉድጓድ ውሃ ነው የምንጠቀመው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ያው ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ኩላንቱን በተጣራ ውሃ በጥብጡ፤ በመለዋወጫ ሱቆች የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ግን አንብቡ። የባትሪ አሲድ አጠገቡ ይሸጣል፤ መልኩ አንድ ነው።

የተቀረውን በአጭሩ፦ ፋኑ በራሱ ይነሳ እንደሆነ፣ የፖምፓው ክንፍ በዝገት አልቆ እንደሆነ፣ ራዲያተሩ ሲሞቅ በእጅ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ ቦታ እንዳለው ፈትሹ። ቀዝቃዛ ቦታ የተደፈነ ቦታ ነው። ፍሳሽ ይደፍናል የሚባል ዱቄት ወይም ፈሳሽ ገብቶ ከነበረ ራዲያተሩም ማሞቂያውም በደንብ ይታጠቡ፤ ዱቄቱ ስንጥቁን ብቻ መርጦ አይደፍንም።

10. ከተገጠመ በኋላ

አየሩ ይውጣ። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሙ፣ ማሞቂያውን ሙሉ ክፈቱ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ በቀዝቃዛው አስነሱ፣ አረፋው እስኪያልቅ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። ቀዝቅዞ እንደገና በግፊት ፈትሹት፤ ልክ በአራተኛው ላይ እንዳደረጋችሁት፣ እስከ ጠዋት።

ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀይሩ። ከመኪናው ኮምፒውተር አንብቦ ስልክ ላይ የሙቀቱን ዲግሪ የሚያሳይ ርካሽ ኦቢዲ መሰኪያ ካለ ግጠሙ፤ የዳሽቦርዱ ቀስት ቁጥር አይናገርም። ከዚያ ዳገት ፈልጉ። እንጦጦን ወደ ሱሉልታ፣ ወይም ከአዳማ መልስ በፍጥነት መንገዱ ከነጭነቱ። ቁጥሩ ከ100 አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን ክፈቱ፣ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። «ቀጣዩ ማደያ ድረስ» የሚባለው ጉዞ ነው አዲሱን ጋስኬት የሚያቃጥለው።

ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ በፕላስተሩ ምልክት ላይ ደረጃውን እዩ። መጀመሪያ ላይ የቀረ አየር ስለሚወጣ ትንሽ ቢወርድ አያስደነግጥም፤ ሞልታችሁ ተከታተሉ። በሁለተኛው ሳምንትም ከወረደ የዚያኑ ሲሊንደር ካንዴላ አውልቃችሁ ካሜራውን አስገቡ። ንጹሑ ቦታ በዚያው ጠርዝ ከተመለሰ የቀረው ብሎኩ ነው፤ ሞተሩ ይውረድና ብሎኩ በግፊት ይፈተሽ። ሦስተኛ ጋስኬት አትግዙ።